ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው አጎቴን አያውቀውም። የአጎቴ ወሬ እያደር ይከብዳል። ያቺ አራት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ እርሻ ውስጥ ያረፈች ዕለት ሜዳው ላይ አንዲት ላም ነበረች። አንዲት! አብሬው ስለነበርኩ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ቡናማ ናት፤ ቀና ብላ አየችንና ወደ ሣሯ ተመለሰች። በዓመቱ ላሚቱ ጥጃ አስከተለች። አስረኛ ክፍል ስደርስ ስድስት ሆነዋል። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ሲቆጥራቸው ከነጠባቂያቸው መንጋ ሆነው አረፉት።

«በክንፌና በቀንዳቸው መሃል የነበረው ክፍተት ይህችን ነው የሚያህለው!» ይላል፣ ሁለት ጣቶቹን አጠጋግቶ።

ላሞቹ ይብዙ፣ ግድ የለኝም። የሚያበግነኝ መጨረሻው ነው። እስካለፈው እሁድ ድረስ ወሬው ሁሌም በአንድ ዓይነት ነበር የሚያልቀው። ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ወደ አባቴ ይዞራል፣ «ጋሼ ግን በዚያች ውሃህ ልትፈጀን ነበር እኮ!» ይልና ይስቃል። የተቀመጠው ሁሉ ይስቃል። አባቴ ሾርባውን ይጠጣል። እናቴ ብድግ ብላ ማንም ያልጠየቃትን ሳህን ልታመጣ ትሄዳለች። እኔም፣ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ አብሬ እስቃለሁ። የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል የሚባለው ሰው እኔ ነኝ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ የአንድ ሰፊ እርሻ መካኒክ ነው። ትራክተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ በእሱ እጅ ያለ ቢሆንም፣ ልቡ ያለው ከቆርቆሮው ጋራዥ ጎን ሣር ላይ እንደ ፍየል በገመድ ታስራ ከምታድረው አውሮፕላን ዘንድ ነበር። አብራሪዋ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ካፒቴን» ካላሉት ዞር ብሎ አያይም። ሥራውን ያስገኘለት አባቴ መሆኑን እናቴ በሳምንት ሁለቴ ታስታውሰዋለች፤ እሱም በሳምንት ሁለቴ ይረሳዋል።

አባቴ ጠርጣራ ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የማይልበት ቀን የለም። በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ ይገፋዋል። የገዛ ጫማውን ሳያራግፍ አያደርግም። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነኝ። ካቻቢቴ አምጣ ተብዬ ስላክ መንገድ ላይ የጉንዳን ሰልፍ አይቼ እዚያው እቀራለሁ። «ደመናው!» ይለኛል አባቴ፣ ከትራክተር ሥር እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ። «ደመናው፣ ወርደህ ና እንጂ! እጄ ደረቀ!»

ጋራዡ በር አጠገብ ሁለት ሚስማር ነበረ። በአንዱ ላይ ጥርት ያለች የፕላስቲክ ኩባያ፣ በሌላው ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል፣ ክር የታሰረባት ነጭ ካርቶን ይሰቀላሉ። በኩባያዋ ጠዋት ጠዋት ከክንፍ ሥር ነዳጅ ተቀድቶ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ይታያል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ጎማው ተሰነጣጥቆ ዝናብ ያስገባ ነበር። አባቴ አዲስ ይምጣልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለቢሮው ጽፎ ሦስቴም «በሚቀጥለው ወር» ተብሏል። ካርቶኗ ለምን እንደምትሰቀል ግን ማንም አልነገረኝም። ወይም ነግረውኝ እኔ ደመናዬ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ያየሁት ንጹሕ መሆኗን፣ ጠንካራ መሆኗን፣ ደግሞም ክሯ አንገት ለመግባት የተለካ መምሰሉን ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አነሳኋት። በእስክሪብቶ ሁለት ክንፍ ሣልኩባት፤ ከሥሩ ፊደሎቹ ወደ አንድ ጎን ያጋደሉ «ካፒቴን» ጻፍኩ። አንገቴ ላይ አጠለቅኋትና በሹራቤ ሸፈንኳት፤ አጎቴ ካያት እስከ ማታ ሲስቅብኝ ይውላላ!

በማግስቱ አርብ አጎቴ ትልቁ ከተማ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሊያደርሰኝ ነበር። አንድ መንጋጋዬ በስብሶ ጉንጬ ዳቦ አክሏል። እናቴ በሻሽ ከአገጬ እስከ አናቴ ጠቅልላኛለች፤ ሰው የሚለኝን የምሰማው ግማሹን ነው።

«ምንም አያምህም» አለችኝ ልታጽናናኝ። «ያው ፒንሳ ነገር ነው።»

ፒንሳ አውቃለሁ። አባቴ የዛገ ሚስማር ከጣውላ ሲነቅልበት አይቻለሁ። ሚስማሩ ሲወጣ የሚያሰማውንም ድምፅ አውቀዋለሁ።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መስሎ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ፓምፕ ስለተዘጋ አባቴን በትራክተር ሊወስዱት መጥተዋል። ትራክተሩ ኋላ ላይ ቆሞ እየሄደ ጮኸ፦

«ካፒቴን! ዘንቧል እኮ! ነዳጁን ሳትቀዳ እንዳትነሳ! ነጩ ላይ እየው!»

«እሺ ጋሼ! እሺ አልኩ! ስንቴ ትነግረኛለህ?»

«ደመናው! አንተም ዛሬ እንኳ ሰማይ ላይ ስትወጣ ልብህን መሬት አስቀምጥ!»

አጎቴ ኩባያዋን ከሚስማሩ አወረደ። ባዶውን ሚስማር አየው። መሬቱን አየ፣ ከበሩ ኋላ አየ። «የት አባቱ ከተተው ደግሞ» አለና ተወው። ክንፉ ሥር አጎንብሶ ቀዳ፤ ኩባያዋን ከፍ አድርጎ ወደ ሰማይ አየባት። የዚያች አውሮፕላን ነዳጅ ከሌላው እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ነው።

«ሰማያዊ» አለ። «እንግዲህ ምን ቀረው?» ሣሩ ላይ ደፋው።

እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። እጄ ሹራቤ ላይ፣ ምልክቴ ላይ ነው። እንደ እሱ ወደ ሰማይ እያየሁ፣ እንደ እሱ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ።

ተነሳን። ዛፎቹ ከእግራችን ሥር አነሱ፤ ጋራዣችን የክብሪት ሳጥን አከለች። በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እሞት ነበር። የዚያን ዕለት ግን የሚታየኝ ፒንሳ ብቻ ነው። ማንን እንደምለምን ግራ ገባኝና ቅርብ ያለችውን ለመንኩ። ግንባሬን መስኮቷ ላይ አስደግፌ፣ «እባክሽ አታድርሺን» አልኳት አውሮፕላኗን። «ጥርሴም በራሱ ጊዜ ይውለቅ።»

ቃሌን ሳልጨርስ ሞተሯ ያስለው ጀመር። ጉንፋን እንደያዘው ሰው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ዝም። አፍንጫዋ ላይ የሚዞረው ፕሮፔለር እንደ ቆመ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ቀረ። የሚሰማው የነፋስ ፉጨት ብቻ ሆነ፤ በሻሹ ውስጥ እንኳ ሰማሁት።

አጎቴ ሲያወራው «ተረጋጋ የእህቴ ልጅ፣ አጎትህ አለ አልኩት» ይላል። እኔ የሰማሁት እንዲህ የሚል ነው፦ «ወይኔ! እህቴ ትገድለኛለች!»

ግን እውነት እውነት ነው፤ ሰውየው አውሮፕላን ማሳረፍ ያውቃል። አፍንጫዋን ዝቅ አደረገ፣ ያገኘውን ሁሉ ጎተተና ገፋ፣ ከመንገዱ ማዶ የታጨደ እርሻ መረጠ። «ራስህን ጉልበትህ ላይ ድፋ! ድፋ አልኩህ!» መሬት አንዴ መታን፣ ወደ ላይ ወረወረን፣ መልሶ መታን። በሦስተኛው ጉልበቴ አገጬን ከሥር አገኘው። አውሮፕላኗ ለስላሳው አፈር ላይ አፍንጫዋን ተክላ ቆመች። ቀና ስል ላሚቱ ታየች።

«አንተ! ተናገር! ይሄ ስንት ጣት ነው?» አጎቴ እያለቀሰ ነበር። ይህንንም አያወራውም።

አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ተንከባለለ። መዳፌ ላይ ተፋሁት።

«ጥርሴ ወለቀ!» አልኩት። በደስታ።

አስቡት እንግዲህ። አታድርሺን አልኳት፣ አላደረሰችንም። ጥርሴ በራሱ ይውለቅ አልኳት፣ ወለቀ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? ሁለት ሰው ልፈጅ የነበርኩት እኔ መሆኔን እዚያው አፈሩ ላይ አወቅሁ።

አባቴ በትራክተር መጣ። እርሻው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ዘሎ ወረደና በእግሩ ሮጠ፤ ትልሙ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። አውሮፕላኗን አላያትም። አጎቴንም አላየውም። መጥቶ እኔን አነሳኝ። በግሪስ የጠቆረ እጁን ሹራቤ ውስጥ ከትቶ ደረቴን ዳበሰ። እጁ ልቤ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ጊዜ ቆየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ልቤ መምታት አለመምታቷን እያዳመጠ መስሎኝ እንዲሰማት ትንፋሼን ዋጥኩለት።

ከዚያ በኋላ አባቴ በማንኛውም ነገር ባናደደኝ ቁጥር ያንን እጅ አስታውስ ነበር። እንዲህ የሚወደኝ ሰው ምን ቢያደርግ ይቅር ይባላል እያልኩ። እጁ ያገኘው ልቤን ብቻ እንዳልነበር ያወቅሁት ባለፈው እሁድ ነው።

ቤት ስንደርስ ምልክቴ አንገቴ ላይ የለችም። እርሻው ላይ ወድቃለች ብዬ አዘንኩላት።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጁን በሳሙና ዱቄት ይታጠባል። ታጥቦ ይጨርስና ውሃውን ደፍቶ እንደገና ይጀምራል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«አባባ፣ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እጆቹ ሳፋው ውስጥ ቀጥ አሉ። ቀና አላለም።

«እንዴት አድርገህ?» አለኝ።

«ለመንኳት።»

«ማንን?»

«አውሮፕላኗን። አታድርሺን አልኳት። ስለ ፒንሳው።»

አሁን ቀና አለ። ከአፉ የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እስካሁን አልለየሁትም።

«ስማኝ ደመናው። ሞተር ልመና አይሰማም። ሞተር የሚያውቀው ነዳጅ፣ አየርና እሳት ብቻ ነው። አንተ አይደለህም። ሁለተኛ እኔ ነኝ እንዳትል።»

«ለእማዬም?»

«ለማንም! ለማንም አልኩህ እኮ!»

ገላገለኝ። ትንሽም ቅር አለኝ፤ ያን የሚያህል ኃይል አለኝ ብዬ ተቀምጬ በአንድ ቃል ሲነጥቀኝ።

በሦስተኛው ቀን ከአቪዬሽን መርማሪ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ ጋራዡ ውስጥ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እኔ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ነኝ። እብጠቱ ስላልጎደለ ሻሹ አልተፈታልኝም።

«ነዳጁን ቀድተህ አይተሃል?» አለው አጎቴን።

«አይቻለሁ። ሰማያዊ ነበር።»

«ምን ላይ አድርገህ አየኸው?»

«ወደ ሰማይ አንስቼ።»

«ወንድሜ» አለ መርማሪው፣ ለደነዘዘ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው። «ግማሽ ውሃ ቢሆን ኖሮ ከነዳጁ ተለይቶ ታች ይታይህ ነበር። ሙሉ ኩባያ ውሃ ከሆነ ግን ምን ይለያል? ሰማይ ላይ ስታነሳው ሰማይ ነው የሚመስለው። ነጭ ነገር ላይ የሚታየው ለዚህ አይደለም?»

«ጋሼ የሰቀላት ነጭ ካርቶን ነበረች። የዚያን ዕለት ቦታዋ ላይ የለችም።»

«መካኒኩ፣ ካርቶኗ የት ሄደች?»

የአባቴን ድምፅ በሻሹ ውስጥም ቢሆን በደንብ ሰማሁት፤ በር ሲገፋ እንደሚያደርገው ቃሉን አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር የተናገረው።

«ያነሳኋት እኔ ነኝ። ቆሽሻ ነበር። ልቀይራት አንስቼ ረሳሁ።»

«ረሳሁ ተብሎ ይጻፍ?»

«ይጻፍ።»

እንዴት አላገናኘኸውም ትሉኝ ይሆናል። ምኑን ላገናኝ? እኔ ካርቶን አልወሰድኩማ! እኔ የወሰድኩት የካፒቴን ምልክት ነው። ካርቶን የወሰደው አባቴ ነው፤ በገዛ አፉ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የአባቴን ፈቃድ ነጠቁት። አውሮፕላን እንዳይነካ ተባለ። አጎቴ ደህና አድርጎ ስላሳረፋት በመስታወት የታሸገ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። እናቴ ለአንድ ወር ሳህን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ይጮህ ነበር።

«አንተ ሰውዬ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልክ አገር ምድሩን ስታስጨንቅ ከርመህ፣ አንተው ትረሳ? አንተው?»

ከእርሻው ለቀን ወደ ከተማ ገባን፤ አባቴ የጎረቤቱን ሁሉ የውሃ ፓምፕ መጠገን ጀመረ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም። ድምፁን ብቻ ሰምቶ፣ «አንዷ የሞተር ካንዴላ ደክማለች» ይላል ለራሱ። እኔ ትምህርት ቤት የማወራው ስለ አጎቴ ነበር። አባትህስ ሲሉኝ፣ «ፓምፕ ይሠራል» እልና ወሬ እቀይራለሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ሲገፋ አላስቻለኝም።

«ያኔ ብትጠረጥር ኖሮ አይሻልም ነበር?» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ዞረና በሩን ለአራተኛ ጊዜ ገፋው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት የወጥ ቤቱ ቧንቧ አንጠባጠበ። አጎቴ ከእንግዶች ጋር ለምሳ ሊመጣ ነው፣ እናቴ ባልዲ ቀይሩ እያለች ትጮሃለች፣ አባቴ ዓይኑ ስለደከመ በዳበሳ ይሠራል። «ካቻቢቴ» አለኝ። የዕቃ ሣጥኑን ከፈትኩ። ላይኛው መደብ ላይ የለም። መደቡን አነሳሁት። ከሥሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልላ፣ ክሯ የተበጠሰ ነጭ ካርቶን ተቀምጣለች። ሁለት ክንፍ። ያጋደለ «ካፒቴን»።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ምልክቴ ተገኘች ብዬ ደስ አለኝ! ከዚያ ነው ቀስ በቀስ፣ ደመናው ነኝና፣ ያ እጅ ሹራቤ ውስጥ ሲገባ የታየኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቧንቧው ሲያንጠባጥብ አባቴ ጠብቆ ጠብቆ መጣ። «ካቻቢቴ አምጣ ብዬህ ዛሬም...» አለና ካርቶኗን አየ። «እ፣ አገኘሃት» አለ። የጠፋ ካልሲ የተገኘ ያህል።

«ሃያ ዓመት!» አልኩት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲስቁብህ! እኔም ስስቅብህ! አንድ ቀን እንኳ እውነቱ ይህ ነው አይባልም?»

«ምን ልበል? ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሰው ሊገድል ነበር ብዬ ለመርማሪ ላስመዝግብህ?»

«ኋላስ? ሃያ ሲሞላኝስ?»

«ሃያ ሲሞላህ አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?»

በሌላ በኩል መጣሁበት። «መርማሪውን ዋሽተኸዋል ደግሞ!»

«ቆሽሻ ነበር ያልኩት ውሸት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩት ግን እውነት ነው።» እንደ ድሮው እጁን ዘርግቷል። «የሰው ነፍስ፣ ሕፃን በሚያወርደው ክር ላይ አይንጠለጠልም። በብሎን ነበር ማሰር የነበረብኝ። በል ካቻቢቴውን።»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ልትቆጣለት ስትነሳ በሙያ ይረታሃል። ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ካርቶኗን ኪሴ ከተትኳት።

ምሳ ላይ አጎቴ እንደ ልማዱ በወሬው ተነሳ። ሞተሩ ጠፋ፣ መንጋው መጣ፣ ጠባቂያቸው በዱላ አውሮፕላን ሊያባርር ሞከረ። እንግዶቹ ይስቃሉ። ማንኪያው ተቀመጠ። አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ።

«ጋሼ ግን...»

የውሃ ብርጭቆዬን አንስቼ በመስኮቱ በኩል ከፍ አደረግኋት። ውጭው ከዝናብ በኋላ የጠራ ሰማይ ነው።

«አጎቴ፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ምኑ?»

«ብርጭቆው ውስጥ ያለው።»

ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየ። «ሰማያ...» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ካርቶኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ብርጭቆውን ከላይዋ። ውሃ፣ ውሃ ሆነ። ክንፎቹ በውሃው ውስጥ ተልቀው ታዩ።

«ከሚስማሩ ያወረድኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስንበር ደረቴ ላይ ነበረች። አባባ አልረሳም።»

ሳቁ ሞተ። እናቴ ሳህን ልታመጣ ተነስታ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች። ካርቶኗን አየች፣ እኔን አየች፣ ባሏን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ያኔ ደጃፍ ላይ፣ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ሲልህ ከውስጥ ሰምቼዋለሁ» አለችው። «የልጅ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ከሁላችን መሃል እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ኖሯል! እኔ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ስጮህብህ!»

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አለ አባቴ።

አጎቴ ማንኪያውን አላነሳም። ብርጭቆውን፣ ባዶ ሚስማር እንደሚያይ ሰው ያየዋል። ሰበብ እየፈለገ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። መንጋው አፉ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ታየኝ።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ምን?»

«ላሟ አንዲት ነበረች።»

«አውቃለሁ» አለው አባቴ። «በል ብላ።»